ራሷን ብቻ የምትሸከም መኪና

ያገለገለ የስፖርት መኪና ልትገዙ ከሆነ መጀመሪያ ሞተሩን አትዩ። ሞተር ሁሉም ሰው የሚያየው ነገር ነው፤ ሻጩም አጥቦና ዘይት ቀይሮ ነው የሚጠብቃችሁ። መጀመሪያ ሆዷን እዩ። ጆንያ አንጥፉ፣ በጀርባችሁ ተኙና ከሥሯ ግቡ። በእኛ አገር መንገድ ዝቅ ያለች መኪና ሆዷን ድንጋይ ሳይነካው አትኖርም፤ ስለዚህ ጭረት ብታዩ አትደንግጡ። መደንገጥ ያለባችሁ ጭረት ሲጠፋ ነው። ሆዷ እንደ አዲስ ድስት የሚያብረቀርቅ ከሆነ አንድ ሰው አንድ ነገር ቀብቶ ሸፍኗል ማለት ነው።

ይህን የምትነግራችሁ መካነ ሰላም ገበያ ውስጥ ጨርቅ የምትሸጥ ሴት ናት። አዎ፣ ሴት። የሚያስቀው ካለ አሁኑኑ ይሳቅና ይጨርስ፤ እኔ እንደሆንኩ ከተማው ሙሉ ስቆብኝ ለምጄዋለሁ።

አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ልጅ ሆኜ ትምህርት ሲዘጋ ጋቢና ውስጥ አስቀምጦ ደሴ ድረስ ይወስደኝ ነበር። ፍሪሲዮን ሲያልቅ ምን እንደሚሸት፣ ካምቢዮ ሊበላሽ ሲል እንዴት እንደሚያጉረመርም፣ ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ሲወጣ ሞተሩ ዘይት እየበላ መሆኑን ያስተማረኝ እሱ ነው። አንድ ቀን እህል ጭነን ዳገቱን እያቃሰትን ስንወጣ አንዲት ዝቅ ያለች ቀይ መኪና በጎናችን ሽው ብላ አለፈች። አባቴ መሪውን እንደያዘ ሳቀና፣ "ይቺ እኮ ራሷን ብቻ ነው የተሸከመችው" አለ። መንቀፉ ይሁን መቅናቱ ያኔም አልገባኝም፣ ዛሬም አላውቅም። እኔ ግን ዓይኔ እሷ ላይ ቀረ።

አባቴ ሲሞት ታናናሾቼ ገና ልጆች ነበሩ። ሱቅ ከፈትኩ። አሳደግኋቸው፣ አስተማርኳቸው፣ ዳርኳቸው። ይህን የማወራው ምስጋና ፈልጌ አይደለም፤ ወድጄ ያደረግሁት ነው። የመጨረሻዋ እህቴ ተመርቃ ሥራ ስትይዝ ግን እኔም በተራዬ ለራሴ አንድ ነገር እገዛለሁ ብዬ ተነሳሁ። ምን እንደምገዛም ሳልሸሽግ ተናገርኩ።

ዘመድ አዝማዱ ተንጫጫ። አንዱ ሚኒባስ ግዢና አከራዪ አለኝ፤ ሌላው ቤት ሥሪ፣ ሌላው ወፍጮ ትከዪ አለ። ከሁሉም የከፋው አጎቴ ነበር። የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ አባቴ ካለፈ ወዲህ የቤተሰቡ ራስ እሱ ነው፣ ነገር ያለ እሱ አይቆረጥም። አንድ ኩንታል ጤፍ የማትጭን መኪና መኪና አትባልም አለ። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ያውም እግር አጥፈው የሚቀመጡባት፣ ለአንቺ ዕድሜ ነውር ናት አለ። የአገር መሳቂያ ትሆኛለሽ ሲለኝ፣ መሳቂያ ለመሆን የማንም ፈቃድ አያስፈልገኝም ብዬ መለስኩለት። ውሾቹ ይጮኻሉ ግመሎቹ ይሄዳሉ የሚለውም ተረት ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ አጎቴ ስለሆነ ዋጥኩት። ዓመት ሙሉ እንዲህ ስንነታረክ ከረምን።

ከዚያ ኩታበር አንዲት ቀይ መኪና ለሽያጭ ቆማለች የሚል ወሬ ሰማሁ። የአንድ ነጋዴ ወንድም ዓረብ አገር ሲሄድ የተዋት ናት፤ ሻጩ ነጋዴው ነው ተባለ። ልሄድ ስሰናዳ አጎቴ ሱቄ ድረስ መጣ። አንገቱን ደፍቶ፣ "እንግዲህ ካልቀረልሽ በወጉ ይሁን፤ ሽማግሌ ይዘን እንሂድ" አለኝ። ሁለት ሽማግሌዎችም ለምኖ አዘጋጅቶ ነበር፤ አንዱ መንደሩ ሙሉ ዱዓ የሚያስደርጋቸው ሼህ፣ ሌላው የሰፈራችን የዕድር ዳኛ የነበሩ ክርስቲያን አዛውንት። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። እንባዬ መጣ፤ ዘወር ብዬ ጣቃ ጨርቅ የማጥፍ መሰልኩ።

ለሻጩ አስቀድሜ ደውዬ ዋጋ ተነጋግረን አደራ ብዬው ነበር፤ እኛ ሳንደርስ እንዳታስነሳት አልኩት። ያገለገለች መኪና ቀዝቃዛ ሆና ነው መነሳት ያለባት። ሞተር ሲሞቅ በሽታውን ይደብቃል፤ ሳሉም፣ ጭሱም፣ የውስጡ መንኳኳትም ይጠፋል። የስፖርት መኪና ደግሞ ብዙ ጊዜ የገዛት ሁሉ ሲያንገላታት የኖረች ናት፤ እውነቷን የምትናገረው በጠዋት ብቻ ነው።

ደሴ አድረን በማለዳ ኩታበር ገባን። ሻጩ በር ላይ ቆሞ ተቀበለን። መኪናዋ ግቢው መሐል ታጥባ ቆማለች፤ ቀይ፣ አጭር፣ ለዓይን የምታሳሳ። ኮፈኗ ላይ እጄን ሳሳርፍ ግን ትኩስ ነበር። ምነው አልኩት። እሱ ምንም ሳያፍር፣ እንዲህ ያሉ እንግዶች መጥተው በቀዝቃዛ መኪና መቀበል ነውር መስሎት ከንጋት ጀምሮ ሲያሞቃት እንደነበር ነገረኝ። አጎቴ በሰውየው ሥነ ሥርዓት ተደስቶ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ቂጤ ላይ እሳት የነደደ ያህል ተቁነጠነጥኩ፤ ግን ገና ምን አይቼ ልናገር?

ከሥሯ ልግባ ስል ሻጩ አሻፈረኝ አለ። መጀመሪያ ቤት ግቡ፣ ቅመሱ፣ ከዚያ ትደርሱበታላችሁ አለ። አጎቴም በዓይኑ ገሠጸኝ። ገባን። ዳቦና ማር ቀረበ፣ ሻይ ተጠጣ። ሻዩ እንዳለቀ፣ እኔ ልነሳ ስል፣ ሼሁ መዳፋቸውን ዘረጉ።

"ኸይሩን ያቅርብልሽ። ሸሩን ያርቅልሽ። ሀጃሽን ያውጣልሽ።"

ደጉን ያቅርብልሽ፣ ክፉውን ያርቅልሽ፣ ጉዳይሽን ይሙላልሽ ማለታቸው ነው። አሚን ተባለ። ክርስቲያኑ ሽማግሌም መንገድሽን ያቅናልሽ ብለው ጨመሩ። ደግመን አሚን አልን፤ እኔም አልኩ። አገራችንን ለማያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር ሊመስለው ይችላል። እኛ ዘንድ ግን ሽማግሌ ዱዓ ያደረገበት ገበያ ከፊርማ ይበልጣል፤ አሚን ከተባለ በኋላ ወደ ኋላ የለም። ሻጩ ተነስቶ የአጎቴን ትከሻ ሳመ። መኪናዋ ሳልመረምራት ተሸጠችልኝ።

እኔ ጆንያዬን ይዤ ወጣሁ።

ሁሉም ተከትለውኝ ወጡ። አጎቴ ከዱዓ በኋላ ምን ፍለጋ ነው አለኝ፤ ፈጣሪን መጠራጠር ነው አለኝ። ፈጣሪን ሳይሆን ሻጩን ነው የምጠራጠረው አልኩት፣ ቀስ ብዬ። ሱቅ ውስጥ የወደቀ መርፌ የምለቅምባት ትንሽ ማግኔት አለችኝ፤ አውጥቼ በመኪናዋ ጎን ላይ አስኬድኳት። ከፊት ጎማ በላይ ጥብቅ ብላ ያዘች። ከኋላ ጎማ በላይ ስትደርስ ተንሸራታ ወደቀች። ላሜራ የለም፤ በስቱኮ ተሞልቶ የተቀባ ነው። በሩን ከፍቼ ዘጋሁት፤ የላይኛው ክፍተት ጣት ያስገባል፣ የታችኛው ወረቀት አያስገባም። ከዚያ ተኛሁና ከሥሯ ገባሁ።

ሆዷ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል። በጥፍሬ ፋቅሁት። ከወንበሮቹ ኋላ፣ ከአንዱ ጎን እስከ ሌላው ጎን፣ ጣት የሚያህል የብየዳ መስመር ዞሯታል። የአንዷ መኪና ፊትና የሌላዋ መኪና ኋላ ነበሩ፤ ሁለት የተጋጩ መኪኖች ተቆርጠው አንድ ሆነዋል። ዕድሜዬን ሙሉ ጨርቅ ስሸጥ ኖሬያለሁ፤ ሁለት ቁራጭ ተጋጥሞ ሙሉ ሲመስል አይጠፋኝም። እንዲህ ያለች መኪና ቀስ ብለው ሲነዷት ትሄዳለች። ፍጥነት ላይ ሆና ጠመዝማዛ መንገድ ስትይዝ ግን ከመሐሏ ልትከፈት ትችላለች።

ወጥቼ አቧራዬን እያራገፍኩ ያየሁትን ነገርኳቸው። ሻጩ ወላሂ ብሎ ጀመረ፤ ብየዳ ከፋብሪካው ብረት ይበልጥ ይጠነክራል አለ። አጎቴ ክንዴን ይዞ ወደ አጥሩ ወሰደኝ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"አሚን ብለሻል" አለኝ። "እነዚህን ሰዎች ከመካነ ሰላም አምጥቼ፣ የሰው ዳቦ አብልቼ፣ አሁን እንዴት ብዬ ነው ይዣቸው የምመለሰው? ግዢያት። ከፈለግሽ አትንጃት፣ ግቢ ውስጥ አቁሚያት።"

ዓመት ሙሉ አትግዢ ሲለኝ የኖረ ሰው ግዢ ብሎ ለመነኝ። አልሳቅሁም። የልቤን ልናገር፤ እልሄም ግዢያት ይለኝ ነበር። ባዶ እጄን ብመለስ ከተማው ምን እንደሚል አውቀዋለሁ። ቀይዋም ከልጅነቴ ጀምሮ በልቤ የቆመችውን ትመስላለች። ደግሞ ሌላ መቼ ይገኛል? በእኛ በኩል የስፖርት መኪና እንደ በግ በየገበያው አይነዳም። ግን ያቺን መኪና ገዝቼ ባቆማት፣ ያ ሁሉ ዓመት የጠበቅሁት የሰው አፍ ለመዝጋት ብቻ ሊሆን ነው። እኔ የፈለግሁት መንዳት ነው። ደግሞ በሙሉ ፍጥነት።

ሼሁ ፊት ሄጄ ቆምኩና ጎንበስ አልኩ።

"አባ፣ ሸሩን ያርቅልሽ ብለውኛል፣ እኔም አሚን ብያለሁ። ሸሩን ከሆዷ ሥር አየሁት። አልገዛትም።"

ሼሁ ወደ ሻጩ ዞረው ብየዳው እውነት ነው ወይ ብለው ጠየቁት። ሰውየው መሬት መሬት አየ። ሼሁ ዱላቸውን አነሱ። "እንግዲያማ ዱዓው ደርሷል፤ እንሂድ" አሉ። ክርስቲያኑ ሽማግሌ ለዳቦው አመስግነው ተከተሏቸው። አጎቴ ግን እስከ መካነ ሰላም ድረስ አንድ ቃል አልተናገረኝም፤ ሚኒባሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን መስኮት መስኮት ሲያይ ነው የገባነው።

ወሬው ቀድሞን ገብቶ ነበር። ሱቄ የሚመጣው ሁሉ እንኳን አተረፈሽ ይለኛል። ልቧ ተመለሰ፣ ያ አባዜ ለቀቃት ተባለ። ሲስቁብኝ እንዲህ አልተናደድኩም። አንዲት የተበየደች መኪና አልገዛም ማለቴን እነሱ ምኞቷን ተወች ብለው ተረጎሙት።

እሑድ ከሰዓት አጎቴ ቤተሰቡን ቤቱ ሰበሰበ። ታርቆኝ ነበር፤ ፊቱ በርቷል። አላህም እግዜርም ስላተረፉሽ እናመስግን ብሎ ጀመረና ስለ ወፍጮው ማውራት ቀጠለ፤ ቦታውን ሳይቀር መርጧል። እስኪጨርስ ጠበቅሁ። ከዚያ ደሴ ሌላ የስፖርት መኪና መኖሯን መስማቴን፣ ቅዳሜ ብቻዬን እንደምሄድ፣ ከሥሯ ገብቼ እስክወጣ ድረስ የማንንም ዳቦ እንደማልቀምስ ነገርኩት።

አጎቴ ብርጭቆውን አስቀመጠ። "ቆይ እስቲ" አለ፣ ሳይቆጣ፣ ከልቡ ማወቅ እንደፈለገ። "ይቺ መኪና ማንን ልትጠቅም ነው?"

"እኔን" አልኩ።

ወንድሞቼ አንገታቸውን ደፉ። የሚያስከፋቸው ከሆነ ይክፋቸው ብዬ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። ያኔ ከጓዳው በር አጠገብ የተቀመጠችው የአጎቴ ሚስት ሻሿን አስተካከለች። ወንዶች በተሰበሰቡበት የማትናገር ሴት ናት። እስከዚያ ቀን ስታስተናግድ እንጂ ስትቀመጥ አይቻት አላውቅም።

"ስትገዢያት አንድ ቀን ወረኢሉ ድረስ ውሰጅኝ" አለችኝ።

አጎቴ ደንግጦ ዞረ። "ወረኢሉ ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተ። ሰርግም የለም። እንዲሁ ልሂድ።"

የደሴዋን ገዛኋት። በጠዋት ቀዝቅዛ ተነሳች፤ ትንሽ አስነጠሳት፣ ከዚያ ድምጿ ጠራ። ሆዷ ጭረት በጭረት ነው፣ ብየዳ ግን የለባትም። ቀይ አይደለችም፣ ብር መሳይ ናት። መካነ ሰላም ስገባ የሳቀ ሳቀ። የመንገዱ ድንጋይም አልቀረላትም፤ በየጉድጓዱ እንደ ባለ ቁስል እግር ነው የማስረግጣት፣ ደህና መንገድ እስኪገኝ።

የአጎቴን ሚስት እንደጠየቀችኝ ወደ ወረኢሉ ይዣት ወጣሁ። ገብታ ለመቀመጥ ብዙ ተቸገረች፤ ወለሉ ላይ የተቀመጠች መሰላት፣ በሩን በአንድ እጇ ጨብጣ ዱዓዋን ደጋገመች። ከጠጠሩ ወጥተን ሜዳው ላይ ደህናው መንገድ ሲጀምር ፍጥነት ጨመርኩ። ትፈራለች ብዬ ወዲያው ቀነስኩ። እሷ መንገዱን አየች፤ የገብሱ ማሳ በሁለቱም በኩል ወደ ኋላ ይሸሻል። በሕይወቷ ሙሉ በዚያ መንገድ ያለፈችው ለቅሶ ለመድረስ ወይም ሙሽራ ለማጀብ ብቻ እንደነበር ቀድማ ነግራኛለች። ከዚያ ከበሩ ላይ እጇን አነሳችና ጭኗ ላይ አሳረፈችው።

"ምነው ቀነስሽ?" አለችኝ። "ጨምሪበት እንጂ።"

ጨመርኩላት።