የማሽላው ጉድጓድ

ጅግጅጋ ዳር ካለው ቤቴ በረንዳ ላይ ስቀመጥ ፊት ለፊቴ አስፋልቱ ይታየኛል፤ ከአስፋልቱ ማዶ ደግሞ ግራና ቀኟን ፎቅ የቆመባት ቁራጭ የማሽላ እርሻ አለች። የእርሻዋ ባለቤት ሽማግሌ ጎረቤቴ ናቸው። ሰፈሩ በሙሉ «አደር» ይላቸዋል፤ በሶማልኛ አጎቴ እንደማለት ነው። እኔም አደር እላቸዋለሁ። ቤቴ የቆመውም በእሳቸው መሬት ላይ ነው።

በመምህርነት ተመድቤ ስመጣ ይህ ሁሉ እርሻ ነበር። ከተማው ሲሰፋ መሬቱ ተሸንሽኖ ለእኛ ለመምህራኑ ተመራ፤ አደር ካሳ ተሰጣቸው፤ ከመንገድ ማዶ ያለችው ቁራጭ ቀረችላቸው። ነገሩ ሁሉ በሕግ የተፈጸመ ነው። ይህን ለሰው ደጋግሜ የምናገረው ልቤ ስለማያርፍ መሰለኝ።

ቦታው ተለክቶ ችካል በተተከለበት ዕለት አደር እጄን ይዘው ወደ አንድ ጥግ ወሰዱኝ። በከዘራቸው አፈሩን ጠረግ ሲያደርጉት የተረበረበ እንጨትና የማሽላ አገዳ ብቅ አለ። ከሥሩ ጉድጓድ ነበር፤ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ፣ ግድግዳው በእበት የተለሰነ። የዚህ አገር ገበሬ ማሽላውን እንደ እኛ ጎተራ ውስጥ አይከትም፤ ከመሬት በታች ይቀብረዋል። በደንብ ከተደፈነ እህሉ ዓመታት ይቆያል፤ ዝናብ የቀረ ጊዜ ተከፍቶ ይበላል። ይኸኛውን የቆፈሩት የአደር አባት ናቸው።

«መአሊን» አሉኝ፤ አስተማሪው ማለታቸው ነው። «እኔ መሬት ሰጠሁ። ጉድጓድ አልሰጠሁም። አንተ ከላይ ኑር፣ እህሌ ከታች ይኑር። አዝመራ ሲደርስ መጥቼ እሞላለሁ፣ እዘጋለሁ። ሌላ አላስቸግርህም።»

«ዲብ ማለሃ» አልኳቸው፤ ችግር የለም። ያኔ ከምችላት ጥቂት ሶማልኛ ውስጥ በጣም የምኮራባት እሷ ነበረች። ባገሩ ቋንቋ በመመለሴ እንጂ ቃል በመግባቴ ላይ ልቤ አልነበረም።

ቤት መሥራት ነፍስ ይበላል። ዛሬ ሲሚንቶ ጠፋ፣ ነገ ውሃ የሚያመጣው ቦቴ ቀረ፤ እኔ ደግሞ ከክፍል ወጥቼ እየሮጥኩ ከሠራተኛ ጋር ስጨቃጨቅ እውላለሁ። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ተራ ሲደርስ ፎርማኑ ጠራኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ መረሬ አፈር ሲደርቅ ድንጋይ ነው፤ ምን አደከመን? ያ የተዘጋጀው አለ አይደል? ውስጡም ባዶ ነው።»

ባዶ ነበር፤ ማሽላው ገና ማሳ ላይ ነው። አደርን አላስታወስኳቸውም ብል ውሸት ነው። «ለእሳቸው ሌላ አስቆፍርላቸዋለሁ» ብዬ ራሴን ሸነገልኩና «እሺ፣ እሱን አድርጉት» አልኩ። ሠራተኞቹ አፉን አስፍተው በድንጋይ ገነቡት።

የከተማ ልጅ ብሆን አለማወቅ ይባልልኝ ነበር። እኔ ግን የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ከደብረ ብርሃን ወጣ ባለ ገጠር ነው ያደግሁት። እኛ ቤት መሬት የወደቀ እንጀራ ተነስቶ ይሳማል። አባቴ ጎተራ ሥር የሚሸና ሰው ቢያይ በዱላ እንደሚያባርረው አውቃለሁ። በሰው ጎተራ ውስጥ ሽንት ቤት የሠራ ልጁን ቢያይ ምን እንደሚል ግን እግዜር ይወቅ።

ማሽላው ተወቅቶ አለቀና አንድ ጠዋት አደር አህዮቻቸውን ጭነው ደጃፌ ላይ ቆሙ። እህሉ ከመግባቱ በፊት ጉድጓዱን በእሳት የሚያጥኑበትን ጭድ በብብታቸው ይዘዋል። ፊታቸው ፈክቶ ነበር፤ አዝመራው ሰጥቷል።

«አደር፣ ጉድጓዱ ተናደ» አልኳቸው። «ዝናቡ ነው የናደው።»

«ተናደ?» አሉ። «አባቴ ከቆፈረው ጀምሮ ተንዶ አያውቅም።»

በትከሻዬ ላይ አሻግረው ወደ ጓሮ አዩ። ጉድጓዱ የነበረበት ቦታ ኮንክሪት ተሞልቶበት፣ ከመካከሉ ነጭ የማስተንፈሻ ቱቦ ቀጥ ብሎ ቆሟል። እንዲህ ያለ ቱቦ የምን እንደሆነ ማንም ያውቃል። አደር «ዲብ ማለሃ፣ መአሊን» አሉኝና አህዮቹን መልሰው ነዱ።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ሽማግሌ ቢሰበስቡብኝ «ካርታው በስሜ ነው» ብዬ ለመሟገት ተዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ለማንም አልተናገሩም።

ማሽላቸውን በቆርቆሮ ክፍላቸው ከመሩት፤ ሙቀቱና ነቀዙ ተጋግዘው ጨረሱት። ከዚያ በኋላ ዝናቡ ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ ቀረ። ጉድጓድ ያላቸው ገበሬዎች የቆየ እህል እያወጡ ሲበሉ፣ አደርን የእርዳታ ስንዴ ሰልፍ ውስጥ አየኋቸው። በባጃጅ እያለፍኩ ነበር፤ ፊቴን ወደ ሌላ አዞርኩ። ባለባጃጁ «ወይ ጊዜ፣ እኚህ ሰውዬም ተሰለፉ?» አለ። ጊዜ ብቻ እንዳላደረገው የማውቀው እኔ ነበርኩ።

ዝናቡ ሲመለስ ያቺ ቁራጭ እርሻ አሸተች። አደርም የመጀመሪያውን እሸት ይዘው መጡ፤ ለጎረቤት ሳያቀምሱ አይበሉም። እጄ እየከበደኝ ተቀበልኳቸው። እንደምንም ደፍሬ «አደር፣ ከግቢዬ በፊት ለፊት በኩል አዲስ ጉድጓድ ላስቆፍርልዎ» አልኩ።

ፈገግ ብለው ወደ ቱቦው በአገጫቸው አመለከቱ። «እህልና እሱ ጎረቤት አይሆኑም።»

ስለዚያ ነገር የተናገሩኝ ይህን ብቻ ነው። እኔም ይቅርታ ለመጠየቅ አፌን ከፈትኩ፤ ባለቤቴ ከቤት ወጣችና መልሼ ዘጋሁት። እሷ ከአገር ቤት የመጣችው ቤቱ ካለቀ በኋላ ስለሆነ ከሥሩ ምን እንደነበረ አታውቅም።

አደር አሁንም ይጠይቁናል። የቀረበላቸውን ይበላሉ፣ ሻያቸውን ይጠጣሉ። ባለፈው ጊዜ ተቀምጠው ሲያወጉ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። ባለቤቴ ገብቷት ወደ ጓሮ መራቻቸው። «አይ ልጄ» ብለው ውሃ በጆግ ለመኑና በበሩ ወጡ። ባጃጆቹ እስኪያልፉ ጠብቀው፣ በከዘራቸው እየተደገፉ አስፋልቱን ተሻግረው ማሽላው ውስጥ ገቡ። እስኪመለሱ ሻያቸው ቀዘቀዘ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው፤ ያፍራሉ መሰለኝ» አለች ባለቤቴ፣ ሻዩን ልታሞቅ እያነሳች።

«አዎ፣ ሽማግሌ አይደሉ» አልኳት።

እሳቸው ቤቴ በመጡ ቁጥር እኔም ወደ ጓሮ አልሄድም። ተሰናብተውን እስኪወጡ ድረስ ሽንቴን ይዤ እቀመጣለሁ።