ከኋላ ክፍል የሚመጣ ዋጋ

ሐመልማል በመርካቶው የጨርቅ መደብር ከሻጭነት ተነስታ ሥራ አስኪያጅ የሆነችው፣ ባለቤቱ ጋሼ ጥጋቡ በሞቱ በወሩ ነው። ልጆቻቸው «ከአንቺ የሚሻል የለም» ብለው ቁልፉን ሰጧት። ቁልፉንስ ሰጧት፤ ቃሏን የሚሰማ ግን ከየት ይምጣ!

ድሮ ደንበኛ «ቀንሺ» እያለ ሲያስቸግራት፣ «ቆይ፣ ጋሼን ልጠይቅ» ብላ ወደ ኋላ ክፍል ትገባ ነበር። የመርካቶ ሻጭ ሁሉ የሚያውቃት ብልሃት ናት። ብዙ ጊዜ ጋሼ ወንበራቸው ላይ ሲያንቀላፉ፣ ዋጋውን ራሷ ቆርጣ ትወጣለች። «ጋሼ በዚህ ይሁን ብለዋል» ስትል ክርክሩ ያበቃል። የገዛ ቃሏን በእሳቸው አፍ ስትሸጥ ኖረች።

ዛሬ የአብነት ሰፈሩ ነጋዴ ጋሼ ይገረም ለመጋረጃ ጨርቅ መጥተው ሲከራከሩ፣ «የመጨረሻው ነው፤ የወሰንኩት እኔ ነኝ» አለቻቸው።

«እስቲ ጋሼ ጥጋቡን ጠይቂልኝ።»

ደሟ ፈላ። «ሞተዋል እኮ! አስከሬናቸውን የተሸከሙት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«አውቃለሁ ልጄ» አሉ፣ ሳይስቁ። «ቢሆንም ግቢና ጠይቂልኝ።»

ልትሰድባቸው አፏን ከፈተች። እግሯ ግን የለመደውን መንገድ ያውቃል። ገባች። የጋሼ ጥጋቡ ካፖርት ወንበሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው፤ እሷም እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣ አታውቅም። ወጥታ ያንኑ ዋጋ ብትደግመው ሰውየው እንደሚከፍሉ ታውቃለች።

በሩን ከውስጥ ዘጋች። ካፖርቱ ፊት እጅ ነስታ ቆመች፤ ዋጋውን ጠይቃም መልሱን ጠበቀች።