ፍሪሲዮን የሌላት መኪና

ሰቆጣ ውስጥ የስፖርት መኪና የለም። በስልክ ግን በየቀኑ እናያለን፣ እንጣላበታለንም። የምንሰበሰበው ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ጓደኛዬ ጎማ በሚጠግንበት ደጃፍ ላይ ነው። ጓደኛዬ በልጅነቱ ከጭነት መኪና ላይ ወድቆ ግራ ቁርጭምጭሚቱ አይታጠፍም፤ ሲራመድ ያን እግሩን ወደ ጎን ጣል ያደርገዋል። እጁ ግን ብረት ነው። እሱ ጎማ ሲፈታ እኛ በተነቀሉት ጎማዎች ላይ ተቀምጠን፣ ነክተናቸው የማናውቃቸውን ሞተሮች እናማለን።

"ስምንት ሲሊንደሩን አውጥተው አራት አደረጉት!" ይላል ባለ ባጃጁ፣ ዘመድ የሞተበት ይመስል።

"ባትሪ ጨመሩበት እኮ። ጉልበቱ በለጠ እንጂ አላነሰም" ይላል ሌላው።

"የጉልበት ወሬ ማን አወራ? ድምፁ ነው እንጂ! ድምፅ የሌለው የስፖርት መኪና ምኑ ነው?" ይላል፣ የራሱ ባጃጅ ዳገት ላይ እንደታመመች ፍየል የምታስለውን ረስቶ።

በዚህ ጉባኤ ተሰሚው እኔ ነበርኩ። መንዳት አልችልም። ግን ማንም ሳያስተምረኝ ግጥም እጽፋለሁ፤ የሞተርን ድምፅ በቃል ማምጣት ስለምችል ነገሩን የማውቀው ይመስላቸዋል። ወገኔ ማንዋል ነው፤ በግራ እግር ፍሪሲዮን እየረገጡ በእጅ ማርሽ የሚቀይሩበት። አዲሶቹ የስፖርት መኪናዎች ማንዋሉን ትተው አውቶማቲክ ብቻ ሆነው መምጣታቸውን እንደ ክህደት ነበር የማየው። አንድ ቀን እንዲህ አልኳቸው፦

ግራ እግሩ ሥራ ፈቶ መኪና ቢያሽከረክር፣
ተሳፋሪ በሉት፣ አትበሉት ሾፌር።

በሳቅ ፈነዱ። ባለ ባጃጁ "ባጃጄ ላይ አስጽፈዋለሁ" አለ። ጓደኛዬ ፈገግ ብሎ ወደ ጎማው ጎንበስ አለ።

ከዚያ ሳውዲ የነበረው መጣ። የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ሪያድ የሀብታም ቤት ሾፌር ሆኖ ቆይቶ ተመለሰ። የእኛ ቪዲዮ የሌላ ሰው ነበር፤ በእሱ ቪዲዮ ውስጥ መሪውን የያዘው የራሱ እጅ ነው። ቀለበቱ ይታያል። ያን ቀለበት ጠላሁት። የአሠሪው ልጅ የስፖርት መኪና እያጠበ፣ ሞተሩን እያሞቀ፣ ግቢ እያስገባ የኖረ ሰው ፊት የእኔ ግጥም ምን ዋጋ አለው? በመጣ በሳምንቱ ሁሉም ጎማቸውን ወደ እሱ አዙረው ተቀመጡ። እኔ ስናገር እንኳ ዓይናቸው ስልኩ ላይ ነበር።

"ማንዋል ቆንጆ ነው፣ አልክድም" ይል ነበር በለሰለሰ ድምፅ፣ ይህ ልስላሴው ደግሞ የባሰ ያቃጥለኛል። "ግን አውቶማቲኩ ከሰው እጅ ቀድሞ ይቀይራል። እኔ ነድቼዋለሁ፣ ወንድሜ።"

"ነድቼዋለሁ" የምትለዋ ቃል! እሷን እኔ ልላት አልችልም።

ይባስ ብሎ ጓደኛዬ ሊያገባ ሆነ። ሙሽሪት ከታች ከቆላው፣ የአበርገሌ ልጅ ናት። በእኛ ልጆች ዘንድ አንደኛ ሚዜ የሚሆነው ለሙሽራው መኪና የሚያመጣው ነው፤ በሠርጉ ቀን ከጎኑ የማይለየውም እሱ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ያን ቦታ የእኔ አድርጌ ነበር የማስበው። አንድ የማውቀው ነጋዴ ማንዋል ፒካፑን ከነሾፌሩ ሊሰጠኝ ቃል ገብቶልኝ ነበር። ሳውዲ የነበረው ደግሞ ወልድያ ካለ አጎቱ አውቶማቲክ መኪና አስመጣ፤ ነጭ፣ አዲስ፣ ወንበሯ ላይ ላስቲኩ ያልተነሳ።

ከዚያ በኋላ ስለ ማርሽ ስንከራከር ስለ ማርሽ እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል፤ የሚናገረው ግን የለም። አንድ ሽማግሌ የጭነት መኪና ሾፌር ጎማ ሊያስጠግኑ ሲመጡ ያዝኳቸው።

"ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱን። ለአበርገሌ ቁልቁለት የቱ ይሻላል?"

"ቁልቁለት በፍሬን ብቻ አይወረድም፣ ልጄ" አሉ። "በማርሽ ካልያዝከው ፍሬኑ ይነድዳል።"

"ሰማችሁ?" ብዬ ብድግ አልኩ።

"ልክ ነዎት፣ ጋሼ" አለ ሳውዲ የነበረው። "አውቶማቲክም ዝቅ የሚል ማርሽ አለው።"

"አለው እንዴ? እንግዲያ ምን ያጣላችኋል?" ብለው ሻይ ሊጠጡ ሄዱ።

ጓደኛዬ እጁን በጨርቅ እየጠረገ "ነገ ወርደን እንሞክራታለን" አለ።

በማግስቱ ሦስታችን በነጯ መኪና ወረድን፤ እነሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ቁልቁለቱ ሲጀምር የፍሬን ሽታ ፍለጋ መስኮቱን ከፈትኩ። ውስጧ ተቀምጬ ፍሬኗ እንዲነድድ እየተመኘሁ ነበር። ሳውዲ የነበረው ካምቢዮውን ወደ ታች ሳብ አደረገ፤ ሞተሩ አጉረመረመ፣ መኪናዋም ራሷን ይዛ ቀስ እያለች ወረደች። የሸተተኝ የመንገዱ አቧራና ከቆላው የሚመጣው ሙቀት ብቻ ነው።

ሜዳው ላይ ስንደርስ አቆመና ለጓደኛዬ "ውረድና በዚህ በኩል ግባ" አለው።

"እኔ? እግሬን ረሳኸው እንዴ?"

"ግራህ ምን ያደርጋል? ሁለቱም ፔዳል የቀኝ ናቸው። ግባ አልኩህ፣ ሙሽራው!"

ጓደኛዬ ከወንበሩ ኋላ ያለሁትን እኔን አየት አድርጎ ገባ። የማይታጠፈውን እግሩን ጥግ ላይ አሳረፈው። መጀመሪያ ዘለለች፣ ቀጥላ ቆመች፣ ከዚያ መሄድ ጀመረች። ሄደች፣ ሄደች። የማሽላው ማሳ በመስኮቱ ሲያልፍ ጓደኛዬ ይስቅ ጀመር። ዕድሜ ልኩን የመኪና ጎማ ሲያቃና የኖረ ሰው፣ አንዱንም ነድቶ አያውቅም ነበር። ፍሪሲዮኑን የሚረግጥለት እግር የለውማ።

"ገጣሚው!" አለኝ በመስታወቱ እያየኝ። "እንግዲህ ምን ልትለኝ ነው? ተሳፋሪ?"

ቀልዱን ነበር። ሳውዲ የነበረውም አብሮ ሳቀ። እኔ ፊቴ እስከ ጆሮዬ ጋለ። ግጥሜን ስንቴ ፊቱ እንዳነበነብኩ፣ ስንቴ ጎማው ላይ እንዳጎነበሰ አሰብኩ፤ ሆኖም ከሐፍረቱ ይልቅ ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ያን ሳቅ ያወጣለት እኔ አይደለሁም። አብሬው ያደግሁት እኔ ነኝ፣ እግሩን በየቀኑ የማየው እኔ ነኝ፣ "ግባ" ያለው ግን ሌላ ሰው ሆነ።

ማታ ደጃፉን ስንዘጋ ጓደኛዬ "ሁለተኛ ሚዜ ትሆነኛለህ" አለኝ። እሺ አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ?

የሠርጉ ቀን ጓደኛዬ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ራሱ እየነዳ ወጣ። አንደኛው ሚዜ፣ ሳውዲ የነበረው፣ ከጎኑ ተቀምጦ "አሁን ዝቅ አድርግ፣ አሁን ልቀቃት" ይለዋል፤ እኔ ከኋላ የሙሽሪትን ጥላ ይዤ ቁልቁለቱን በሙሉ ጥርሴን ነክሼ ወረድኩ። አበርገሌ ስንደርስ ሕፃናቱ ከበቡን። ሙሽራ ራሱ ነድቶ ሲመጣ አይተው ስለማያውቁ የሙሽሪት አጎቶች ሾፌሩን ፈልገው መኪናዋን ዞሯት።

ምሳው ተበልቶ፣ ምርቃቱ አልቆ ልንመለስ ስንል ግን ያላሰብነው ነገር ገጠመን። ሙሽራና ሙሽሪት ከኋላ ነው የሚቀመጡት። ሙሽራው መሪ ላይ ከሆነ ሙሽሪት የት ትቀመጥ? አንደኛው ሚዜ ከፊት ወንበር በሩን ይዞ ቆመ። አንዲት አክስት በአካባቢው ቋንቋ፣ በኽምጣንጋ፣ የሆነ ነገር ብላ በክርኗ ገፋችው፤ ሴቶቹ በሙሉ እልል አሉ፤ ሙሽሪትም ከፊት ገባች።

አንደኛው ሚዜ መጥቶ ከእኔ ጎን ተጨናነቀ። ቬሎው በወንበሮቹ መካከል ፈስሶ ጉልበታችን ላይ ወደቀ። ዳገቱ ሲጀምር ወደ ፊት አንገቱን አስግጎ "ማርሹን ዝቅ..." ማለት ሲጀምር ማንም አልሰማውም። ሁለቱ ሙሽሮች በኽምጣንጋ ያወራሉ፣ ይሳሳቃሉ፤ መኪናዋም በራሷ እየቀየረች ትወጣለች። ስልኩን አውጥቶ ሊቀርፅ ሞከረ፤ የሚታየው የሁለት ሰው ማጅራት ነው። ስልኩን ኪሱ መለሰ። ቀለበቱን በጣቱ ላይ ያዞር ጀመር፤ ፊቱን አየሁት፤ ወራት ሙሉ እኔ ይዤው የዞርኩት ፊት ነው።

ኩርባውን ስናልፍ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

"ማንዋል ይሻለን ነበር" አለኝ።

ይህን ከአፉ ለመስማት ስንት ቀን ተከራክሬያለሁ። ቬሎውን ከጉልበቱ ላይ ወደ እኔ ሳብ አደረግሁለት።