ድንጋይ ያልተጫነበት ቆርቆሮ

በዚያ ዘመን እንጀራዬን የምበላው ሰማይ እያየሁ ነበር። ጎንደር አጠገብ፣ አዘዞ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ዳር ባለች አንዲት ክፍል ተቀምጬ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ሙቀቱን፣ ዝናቡንና ነፋሱን መዝገብ ላይ አሰፍርና በሬዲዮ ለአዲስ አበባ አነብባለሁ። አዲስ አበባ ምን እንደሚያደርግበት እግዜር ይወቅ። ሥራዬ መመዝገብ እንጂ መተንበይ አልነበረም። ግን ወጣት ነበርኩ፣ መሣሪያም በእጄ ነበር፣ አፌን መያዝ አልቻልኩም።

በዚያው አጉል አፌ፣ አንድ ዓመት ለዳግም ትንሣኤ ልጃቸውን የሚድሩ የሰፈራችንን ሴት «ከባድ ዝናብ ይመጣል፣ ዳሱን አፍርሱ» አልኳቸው። አመኑኝ። ሰርጉን ወደ ቀበሌው አዳራሽ አዛወሩት። የሰርጉ ዕለት ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር፤ እንግዳው በሙቀት ታፍኖ ዋለ፣ የሙሽራዋ እናትም ከዚያ ወዲህ ሰላምታ ነፈጉኝ። ሰፈራችን አራዳ በሙሉ መቀለጃ አገኘ። እኔ «ይዘንባል» ካልኩ ልብስ ይታጠባል፣ «ብራ ነው» ካልኩ የተሰጣ በርበሬ ይሰበሰባል።

የምኖረው ከአክስቴ ጋር ነበር። እትዬ ነው የምላት። ልጅ አልወለደችም፤ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ቤታችን ያፈስ ነበር። ቆርቆሮ የሚገኘው በቀበሌ ኮታ ስለነበር ተመዝግባ ሁለት ክረምት ጠበቀች፤ አልጋዋን ከጥግ ወደ ጥግ ስታዞር፣ ሳፋና ድስት ስትደረድር። በሁለተኛው ዓመት ለፋሲካ ሰሞን ደረሳትና ተመታ። እንዲህ ያለ ደስታ ከዚያ በፊት አላየሁባትም። ጧት ጧት ጋቢዋን ተከናንባ ከደጅ ትወጣና ጣሪያዋን ቀና ብላ ታያለች። ቀሃ ወንዝ ወርዳ ስትመለስም ከሩቅ እያብለጨለጨ ይቀበላታል።

በሰፈራችን ታዲያ ቆርቆሮ ያለ ድንጋይ አያድርም። ሚስማር ይላላል፣ ነፋስ ይመጣል፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ ጣሪያው ላይ ድንጋይ፣ ያረጀ ጎማ፣ የተሰበረ ሙቀጫ ይጭናል። እትዬ ግን ወይ ፍንክች።

«መቃብር ነው እንዴ ድንጋይ የምትከምርበት? ድንጋይስ ለዛገ ነው። ሸጋውን ቆርቆሮዬን አታስጭሩብኝ!»

ግንቦት ገባ። አንድ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ዳባት ያለ ወዳጄ አዘዞ ደወለልኝ። በረዶው የዶሮ እንቁላል ያህላል፣ ነፋሱ የትምህርት ቤቱን ጣሪያ ገልብጦታል፣ ወደ እናንተ እየመጣ ነው አለኝ። የአየር ግፊት መለኪያውን ዞሬ ባየው ከጧቱ እጅግ ወርዷል። ሦስት ዓመት ስመዘግብ እንዲያ ወርዶ አይቼው አላውቅም። የታየኝ ያ የሚያብለጨልጭ ጣሪያ ነው። ሚስማሩን ሲመቱ አይቻለሁ፤ እጥረት ነበርና አንዱን ለሁለት ቦታ ያህል አራርቀው ነው የመቱት። ያ ቆርቆሮ ከሄደ ሌላ ኮታ እስኪደርስ እትዬ ስንት ክረምት ልትጠብቅ ነው?

ባገኘሁት መኪና ተንጠላጥዬ አራዳ ወጣሁና ቀጥታ ወደ ቀበሌው ሊቀመንበር ዘንድ ሮጥኩ።

«ጓድ፣ እባብ ያየ በልጥ በረየ» አለ ሊቀመንበሩ። «ያን አዳራሽ የሰጠሁት እኔ ነበርኩ እኮ። እስከ ዛሬ ይስቁብኛል።»

እየተከራከርን ሳለ የደባርቅ አውቶቡስ መጣ። የፊት መስታወቱ ተሰንጥቋል፣ ጣሪያው ተጠረማምሷል። ሾፌሩ ወርዶ፣ «ኮሶዬ ላይ ደረሰብኝ፤ ከኋላዬ ነው» አለ። ሊቀመንበሩ አንዴ እኔን፣ አንዴ አውቶቡሱን አየና «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብሎ፣ እንደ ደወል የሚመታውን የመኪና ቸርኬ ራሱ ሄዶ ደበደበው።

ሰፈሩ ተንጫጫ። ባለሱቆቹ ደጅ የተሰቀለውን ሳፋና ጫማ ያስገባሉ፣ ሴቶቹ በርበሬ ያፍሳሉ፣ ወንዱ ድንጋይ እየተቀባበለ ጣሪያ ይወጣል። የሙሽራዋ እናት እንኳ ከስንት ጊዜ በኋላ አነጋገሩኝ፦ «ልብስ አጥቤ ላስጣ ወይስ ላስገባ?» ሳቁ ቀለጠ። እየሳቀም ቢሆን ግን ሰው ሁሉ ድንጋዩን ይሸከማል።

እትዬ ግድግዳዋን ተደግፋ በር ላይ ቆማለች። ለመንኳት። ጎረቤቶች ለመኗት። መሰላል ባቆምን ቁጥር ገፍታ ትጥለዋለች።

«የአንተን ዝናብ አምና አየነው!»

በሰሜን በኩል ሰማዩ ጠቁሮ አመድማ ሆኗል። ያን ጊዜ አንድ ተንኮል መጣልኝ። እኔ ያልኩት ሁሉ በግልባጩ ነው አይደል የሚወሰደው? እሺ። ጠጋ አልኳትና፣

«እትዬ፣ ተይው በቃ። አሁን ደውለው ተበትኗል ብለዋል። ምንም የለም» አልኳት።

ፊቴን ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ጮኸች፦ «ምነው ትገተራላችሁ? ድንጋይ አምጡ!»

በልቤ «ሞኝሽን ፈልጊ» አልኩ፤ ኩራቴም ልክ አልነበረውም። ችግሩ ድንጋይ ማለቁ ነው። ሰፈሩ ጠራርጎ ወስዶታል። የደጃፍ መቀመጫችንን ነቅለን አወጣን። እትዬ ወፍጮዋን ከነመጁ ሰጠች፤ ለአራት ተሸክመን ሰቀልነው። አንዱ ጥግ ግን ባዶ ቀረ።

«ሳጥንህስ?» አለች።

«ምኑ ሳጥን?»

«ያ ወረቀት የሞላው! በምን ቀን ልታነበው ነው?»

የሦስት ዓመት መዝገቤ ግልባጭ ነበር፤ አንድም ቀን ያልጎደለበት። አዘንኩ። ግን ከባድነቱን ማን እንደ እኔ ያውቃል? ራሴ ተሸክሜ ወጣሁ። ከመሰላሉ ሳልወርድ የመጀመሪያው በረዶ ትከሻዬን መታኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ውስጥ ሆነን በጆሯችን ነው የሰማነው። እትዬ አልጋ ሥር ገብታ ሚካኤልን ትጠራለች፤ እኔ ምሰሶውን ታቅፌ እጠራለሁ። ቆርቆሮው እየተነሳ ይወድቃል፣ ወፍጮው ይንኳኳል፣ እኔ የሳጥኑን ድምፅ ለይቼ አዳምጣለሁ። ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው፤ ዓመት መሰለኝ።

ሲያባራ ወጣን። የሙሽራዋ እናት የማዕድ ቤት ጣሪያ ሦስት ቤት ተሻግሮ ተገኘ። የእኛ አለ። አንድም ቆርቆሮ አልጎደለም፤ ግን ከዳር እስከ ዳር ሰርጉዶ ማብለጭለጩን ትቷል። ሳጥኔ ተከፍቶ ውኃ ሞልቶታል፣ የመዝገቡም ቀለም ፈስሶ ግድግዳው ላይ ሰማያዊ መስመር ሠርቷል። እትዬ ቀና ብላ አየችና እንባዋ መጣ። ከዚያ ሳቀች።

«እትዬ፣ አታለልኩሽ እኮ» አልኳት፤ መታበዬን መደበቅ አቅቶኝ። «ምንም የለም ያልኩሽ ሆን ብዬ ነው።»

«እኔን? ከልጅነትህ ጀምሮ ስትዋሽ ዓይንህ መሬት ነው። ይመጣል ስትለኝ የሁልጊዜው ወሬህ ነው ብዬ ነበር። ምንም የለም ስትለኝ መሬት መሬት አየህ፤ ከንፈርህም ይንቀጠቀጥ ነበር። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት።»

አፈርኩ። እንደዚያን ቀን ግን እናት እንዳለኝ ተሰምቶኝ አያውቅም።

ከዚያ በሦስተኛው ዓመት የዝውውር ደብዳቤ መጣልኝ፤ ከጎንደር እጅግ ወደ ራቀ አገር፣ መመለሻው ያልተጻፈበት። ማታውን እራት ላይ፣ «ለሦስት ወር ብቻ ነው እትዬ፤ ለክረምት መጥቼ ጣሪያውን አይልሻለሁ» አልኳት።

ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። ለሦስት ወር መንገድ፣ የዓመት በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጥራ ወጣች።