በ«ኖር!» የወደቀው ወንበር

ሰርክአዲስ ካልጋሪ፣ ራንድል የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ በቤቷ ቤዝመንት፣ ሹሩባ ትሠራለች። እጇ ጥብቅ ነው፤ እሷ ዘንድ ተሠርታ የወጣች ሴት ቅንድቧ ሽቅብ እንደተሰቀለ ፋሲካ ይደርስባታል፤ ባሏም እስከዚያ ድረስ «ምን አስገረመሽ?» እያለ ሲጠይቃት ይከርማል።

በፈረንጆቹ ዘጠና አምስት አንድ የመንግሥት ተቆጣጣሪ መጣና የሥራ ፈቃድ፣ ላይሰንስ የሚሉት፣ እንደሌላት ነገራት። ላይሰንሱን ለማግኘት ፀጉር መቁረጥ፣ ቀለም መቀባትና በኬሚካል መጠቅለል መማር አለባት፤ ደንበኛ ላይ መቀስ አንስታ የማታውቅ ሴት! አዲስ አበባ ሳለች የቀበሌ ሊቀመንበር ሌማቷን ከፍቶ አይቶባታል። ካልጋሪ ድረስ መጥታ ደግሞ ማበጠሪያዋን የሚቆጥር ሲመጣባት ጊዜ ነገሩ ከነከናት።

«ባለ ፀጉሯና እኔ ከተስማማን መንግሥትን ማን ጠርቶት ነው መሃላችን የሚገባው?»

ጎረቤቷ ሚስተር ሃርላን፣ ሻወር ሲወስድም ኮፍያውን የማያወልቅ ጡረተኛ ከብት አርቢ፣ ይህን ሲሰማ «አንቺማ መንግሥት እጁን ይሰብስብ ባይ ነሽ፣ ሊበርታሪያን!» ብሎ የወግ አጥባቂዎቹ ፓርቲ የሰፈር ቅርንጫፍ አባል አደረጋት። ወሬው ጎረቤት ሰፈር ፓይንሪጅ እስኪደርስ መንገድ ላይ ተበላሸና «ሰርክአዲስ ሉተራን ሆነች» ተብሎ የቸርች ሰዎች ሊጸልዩላት መጡ።

ሰርክአዲስ የፈለገችው የቅርንጫፉ ቦርድ ውስጥ ተመርጣ መግባትና የላይሰንሱን ነገር እዚያ ማንሳት ነበር። ሰብሳቢው ግን የራሱን መላ አምጥቷል፤ ለአዲስ መጤዎች አንድ ልዩ ወንበር ይፈጠር፣ እሷም ያለ ምርጫ ትሾምበት። ለፎቶው የምትቆምበትን ቦታ ሳይቀር አሳይቷታል።

የምርጫው ስብሰባ ቀን ጓደኛዋ ሠናይት ከቸርች ሁለት ረድፍ ሙሉ ደጋፊ አባል አስመዝግባ ይዛ መጣች፤ ሰርክአዲስን ኩርፍ ብላ አገኘቻት።

«ወንበር ያዙልሽ እኮ! አውቶቡስ ላይ ቢሆን ታመሰግኚ ነበር።»

«የያዘልኝ ሰውዬ ባሰኘው ቀን ያስነሳኛላ! እነሱ በቮት፣ እኔ በጉርሻ?»

«ጉርሻ ምን ነውር አለው?»

«አፌ ከሞላ በምን ልናገር?»

ሠናይት ሐሳቧን አልለወጠችም። የመጣችው ወንበሩን ልትደግፍ ነው፤ ሁለቱ ረድፎችም እንደዚያው።

ሰብሳቢው ሐሳቡን አነበበና «የምትደግፉ?» አለ። ፈረንጆቹ በየወገኑ «አይ!» «አይ!» አሉ። ሠናይት ደነገጠች።

«እምቢ አሉሽ እኮ!»

«መደገፋቸው ነው። በነሱ አፍ አይ ማለት እሺ ማለት ነው።»

ይህን እስክትገልጽላት ሰብሳቢው «የምትቃወሙስ?» አለ። ልክ ያኔ የኋላው በር ተከፈተ። የቸርቹ አንጋፋ ሽማግሌ ጋሼ ታደገ ናቸው፤ መኪና ፓርክ የሚያደርጉበት አጥተው ሰፈሩን ሲዞሩ ቆይተዋል። ሁለቱ ረድፎች እንደ አንድ ሰው ብድግ አሉ።

«ኖር!»

ጣሪያው ላይ የከረመው በረዶ ተንዶ ወረደ።

«በእግዚአብሔር! ኧረ ተቀመጡ፣ በእግዚአብሔር!» አሉ ጋሼ ታደገ።

ሰብሳቢው ፊቱ ገረጣ። «ኖ ብለዋል... ሐሳቡ ወድቋል።»

ሚስተር ሃርላን ወንበሩ ላይ ሊወጣ ምንም አልቀረው። «አያችሁ! ልዩ ወንበር አንፈልግም አሉ! ነፃነት ማለት ይኼ ነው!» አዳራሹ አጨበጨበ።

ሰርክአዲስ የልቧ ደርሶላታል፤ ዝም ብትል የሚያውቅባት የለም። ግን ሰዎቹ ያላሉትን እንዳሉ ማድረግ ሰብሳቢው እሷን ሳይጠይቅ ከወሰነላት አይለይም። ማይኩን ያዘች።

«ይቅርታ፣ ኖ አላሉም። ኖር ነው ያሉት፤ ትልቅ ሰው ሲገባ የምንነሣበት አክብሮት ነው። እንደገና ጠይቋቸው። እኔ ግን ኖ ብያለሁ፣ የእናንተን ኖ። የምፈልገው የምትፈጥሩልኝን ወንበር ሳይሆን እናንተ የተቀመጣችሁበትን ዓይነት ነው።»

ጋሼ ታደገ ወደ ሠናይት ጎንበስ አሉ። «ምን አጠፋሁ?»

«ምንም ጋሼ። ሲገቡ ሕግ ጣሉ እንጂ።»

አሁን ድምፅ አሰጣጡ በእጅ ሆነ። ሠናይት ጓደኛዋን ዓይን ዓይኗን እያየች ለልዩው ወንበር እጇን አወጣች። ጋሼ ታደገ ተቃወሙ። ሁለቱ ረድፎች ሚዶ እንደገባበት ፀጉር መሃል ለመሃል ተከፈሉ። ፈረንጆቹም የሰርክአዲስን ንግግር ሰምተው ስለነበር ብዙዎቹ ሐሳባቸውን ቀየሩ፤ ልዩው ወንበር ወደቀ፣ በደንቡ። ከዚያ መደበኛው ምርጫ ሲደረግ ሚስተር ሃርላን ጠቆማት፤ ሠናይት ሁለት እጇን አውጥታ ሰብሳቢው አንዱን አስወረዳት። ሰርክአዲስ የመጨረሻዋን ወንበር በጭንቅ አገኘች።

የጀመረችውን ሹሩባ ስትጨርስ ለመጀመሪያው የቦርድ ስብሰባ አረፈደች። የላይሰንሱ ጉዳይ አጀንዳው ላይ አለ። በሩን ከፍታ ስትገባ ሚስተር ሃርላን ብድግ አለና ያቺን ኮፍያ አወለቀ። ለካ መላጣ ነው።

«ኖ!» አላት፣ በሙሉ አክብሮት።

ልታርመው አሰበችና ተወችው።

«በእግዚአብሔር፤ ይቀመጡ» አለች፤ ወንበሯንም ራሷ ስባ ተቀመጠች።