እኔን ተክቶ ዳባት የሄደው ዘንቢል

ከዳባት የወጣሁ ለታ ሌሊቱን ቤቴ እንደ ልቅሶ ቤት በሰው ተሞልቶ አደረ። ማኅበርተኞቼ ሊሸኙኝ መጥተው፣ ልጆቼ ለመንገድ ያስያዙኝን ዳቦ ቆሎ «እስቲ ጨው በዝቶበት እንዳይሆን» እያሉ ቀምሰው ጨረሱት። ሲነጋ ባዶ ከረጢት ይዤ አውቶቡስ ተሳፈርሁ። እነሱ ለእኔ አለቀሱ፤ እኔም ለቆሎው አለቀስሁ።

ባሕር አልተሻገርሁም። ስለዚህ «ተሰደድሁ» ስል የሚስቁብኝ አሉ፤ ይሳቁ። ጎንደር ላይ ጋቢዬን አወረድሁ፤ አይከል ላይ ኮቴን፤ ገንዳ ውኃ ላይ ሹራቤን። ኮኪት ስደርስ ከዚያ በላይ ባወልቅ በሕግ የሚያስጠይቅ ሆነ። መተማ ዮሐንስ የገባሁት የልብሴን እኩሌታ በክንዴ ታቅፌ ነው። ሰው እየተገፈፈ የገባበት አገር ስደት ካልተባለ ምን ሊባል ነው?

የወረድሁት ለጉልበቴ ነው። ሐኪሙ «ሙቅ አገር ይስማማዎታል» አለኝ፤ ልጄ የሻረግም ከባሏ ጋር ኮኪት የሰሊጥ እርሻ ላይ ስለምትሠራ «ይምጡ አባዬ፣ እቅርቤ ይሁኑ» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር ጉልበቴ ድኗል። አሁን ያጣው የሚሄድበትን ነው።

መታወቂያ ላወጣ ቀበሌ ሄድሁ። ጸሐፊው ጨዋ ወጣት ነው፤ ቀና ሳይል ይጠይቃል።

«እዚህ ምን ያህል ጊዜ ይቆያሉ አባባ?»

«እሱን የሚወስነው ከላይ ያለው ነው።»

«ዞን ነው ክልል?»

ጣቴን ወደ ጣሪያው ቀሰርሁ። ቀና ብሎ አየና ነፋሱ በዝቶብኝ መስሎት ማራገቢያውን አጠፋልኝ።

ቤት የተከራየሁት ከሐጃ ዘሃራ ነው። ሐጃ ሰሊጥ፣ ቴምርና የከርከዴ አበባ የምትነግድ ሴት ናት፤ ከእኔ በጥቂት ታንሳለች፣ እሷ ግን በብዙ አንሳለሁ ባይ ናት። ክፍሉን ከፍታ አሳየችኝ። ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ ነው። ብቅ ስልበት የዳቦ ምድጃ ትዝ አለኝ፤ እኔ ከዳቦው ወገን ሆኜ።

«እዚህ ውስጥ ሰው ይተኛል ሐጃ?»

«ኧረ አይተኛም። ክፍሉ ለዕቃዎ ነው፤ እርስዎ ውጭ ነዎት።»

«ታዲያ ኪራዩን ዕቃዬ ይክፈላ።»

«መዓሊሽ» አለችኝ፣ አይዞዎት ማለቷ ነው፤ «እርስዎ ይክፈሉለት።»

ውጭ ማለት ግቢው መሐል በገመድ የተጠለፈ፣ ዓንገረብ የሚሉት አልጋ ነው። የግቢው ሰው ሁሉ እንዲሁ ተደርድሮ ያድራል። እኛ ዳባት ጎረቤት አመመው ለማለት በሩን ከፍተን ማየት አለብን፤ እዚህ ግን ማን በየት ጎኑ እንደተኛ፣ ማን በሕልሙ ከማን ጋር እንደተጣላ እየሰማሁ አነጋለሁ። ውኃውም እንደዚያው ነው። የዳባት ውኃ ጥርስ ያስለቅቃል፤ የዚህ ከቧንቧ ሲወርድ የሚጎድለው ሻይ ቅጠል ብቻ ነው። ወደዚህ የምትወርዱ ካላችሁ ምክሬን ስሙ፤ ብርድ ልብስ አታምጡ፣ ይስቁባችኋል።

ብርዱ አልናፈቀኝም። የናፈቀኝ ሃያ ዘጠኝ ነው። ወር በገባ በሃያ ዘጠኝ የበዓለ ወልድ ማኅበራችን አለ፤ አሥራ ሁለት ሽማግሎች ተራ በተራ እየደገስን ጽዋ እንጠጣለን። ሚስቴን ከቀበርሁ ወዲህ ሰው «ተቀመጥ፣ ይህ ያንተ ቦታ ነው» የሚለኝ እዚያ ብቻ ነበር። ዘንድሮ ተራዬ ታኅሣሥ ላይ ዋለ። ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ ደግሞ ገና ነው። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለት አለቃችን አባ ይመር፣ ጾሙ እንደገባ ደወለ።

«ንጋቱ፣ ተራህ ገና ላይ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ካልደገስህ ቦታህ ያልፋል። ካሳዬ እየጠበቀ ነው።»

ካሳዬ ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት ዘበኛ ነው። ማኅበር አስገቡኝ ሲል ስንት ዘመኑ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን እንዴት በቀለለኝ።

የእኔ አቅም የምትበቃው ለአንድ ነገር ነው፤ ወይ እኔ ባዶ እጄን እሄዳለሁ፣ ወይ ስጦታ የሞላ ዘንቢል ያለ እኔ ይሄዳል። ባዶ እጅ ደግሞ አይደገስበትም። ይህንኑ ነገርሁት።

«ዘንቢል ማኅበርተኛ ሆኖ አያውቅም» አለኝ።

«እኔስ ከዘንቢል በምን እሻል ነበር? በልቼ አልነበር የምተኛ?»

«ጠላውስ?» አለኝ። አስቦበት እውነት ሆኖ ያገኘው መሰለኝ። ጠላው በሱ ቤት ሊጠመቅ፣ የሚበላውን እኔ ልልክ፣ የቦታዬ ነገር ግን ዘንቢሉ ከታየ በኋላ ሊነገረኝ ተስማማን።

ከስኳር በቀር ከሱቅ ገዝቼ የምሞላበት አቅም አልነበረኝም፤ ሁሉንም በእጄ ልሠራው ተነሣሁ። ሰሊጥ ታጭዶ፣ ሂላ እያሉ በሚጠሩት ክምር ቆሞ ደርቆ ከተራገፈ በኋላ መሬት ላይ የሚቀር ፍሬ አለ። ባለ እርሻው ለየሻረግ ጥረጊያውን ውሰጂ አላት፤ እሷም አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ላከችልኝ። እኩሌታው ሰሊጥ ነው፣ እኩሌታው ኮኪት። ሳጥብ፣ ሳነፍስ፣ አሸዋ ስለቅም ሰነበትሁ። ከሐጃ አጥር ሥር የበቀለውን ከርከዴ ለቅሜ አደረቅሁ፤ ሲፈላ ደም የመሰለ መጠጥ ይሆናል። ዘንቢሉ ቴምር የመጣበት ነው፤ እጀታው ተበጥሶ ሐጃ ልትጥለው ስትል ለምኜ በገመድ ጠገንሁት።

ዋናው ግን ሲምሲሚያ ነው፤ ስኳር አቅልጠው ሰሊጥ ደባልቀው፣ ትሪ ላይ ዘርግተው ቆርጠው የሚበሉት ጣፋጭ። አሠራሩን ያሳየችኝ ሐጃ ናት። እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምጾም ቀማሿም እሷ ሆነች። «አልለየልኝም፣ ይጨምሩልኝ» እያለች የመጀመሪያውን ትሪ ጨረሰችው። ለዳባት ሽማግሎች ለገና የሚሄደውን ሐጃ መርምራ አሳለፈችው ማለት ነው።

ችግሩ ሙቀቱ ነበር። ጠዋት አራት ማዕዘን አድርጌ የቆረጥሁት ቀትር ላይ ተመልሶ አንድ ይሆናል። አንድ ቀን እንዲያውም ከትሪው ወርዶ ከድንበሩ ማዶ ወዳለችው ገላባት ሲሄድ ደረስሁበት፤ ጉምሩክ ሳይነካው። ስለዚህ መልሼ እሳት ላይ ጣድሁት።

«ኸላስ፣ በቃው፣ ያውጡት» ትላለች ሐጃ።

«ተይኝ፣ የደጋ ሰው ጠንካራ ነገር ነው የሚወድ።»

«ድንጋይ ሆነ እኮ።»

«ድንጋይ አይቀልጥም» አልኋት።

አልቀለጠም። የመተማን ቀትር ፊት ለፊት ተቀምጦ ቻለው። በጣቴ ሳንኳኳው ይጮኻል። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ የሚኮራበት ነገር ሠርቼ አላውቅም። በወረቀት ጠቅልዬ፣ ከርከዴውን በጨርቅ ቋጥሬ፣ የሻረግ የላከችልኝን ለውዝ ቆልቼ ጨምሬ፣ ሰሊጥ ጭኖ ወደ ጎንደር ለሚወጣ የአይሱዙ ሹፌር፣ ከዚያ በዳባት መኪና እንዲያሻግረው አደራ ሰጠሁት። ሹፌሩ ሲመለስ፣ ኬላው ላይ ፈታሹ «ይህ ለወለል የሚነጠፍ ሸክላ ነው?» ብሎ እንደጠየቀው ነገረኝ። ምስጋና መስሎኝ ደስ አለኝ።

ገና ደረሰ። ቤተ ክርስቲያን አድሬ መጣሁ። የሻረግ ከኮኪት ዶሮ ይዛ መጣች፤ ሐጃ «እንኳን አደረሰዎት» ብላ አንድ ሳህን ቴምር አስቀመጠችልኝ። እኔ ግን ከስልኩ ጋር ተፋጥጫለሁ። ምሳ ሲቀርብ ጮኸ።

«ንጋቱ፣ ዘንቢሉ ደረሰ።»

«እንዴት ነው?»

«ጠንካራ ነው።»

«ብዬ ነበር።»

«አባ ተሰማ የቀረችውን አንዲት ጥርስ ሰጥቶበታል።»

ያን ጊዜ ነው ዳባትን ምን ያህል እንደረሳሁት የገባኝ። እዚህ በጭንቅ የረጋው እዚያ ብርድ ሲያገኘው ምን እንደሚሆን አላሰብሁም። የአሥራ ሁለታችን ጥርስ ተሰብስቦ የአንድ ሰው አፍ እንደማይሞላም አላሰብሁም። ቀማሼ ሐጃ ናት፤ ሐጃ ደግሞ ጥርሷ ሙሉ ነው።

«ታዲያ ጣላችሁት?» አልሁት።

«ይጣላል እንዴ? በሙቀጫ ወቀጥነውና እንደ ተልባ በጠበጥነው። እየተቆጣንህ ሦስተኛ ዋንጫ ደርሰናል።»

«ቦታዬስ?»

«ቆይ፣ እንነጋገር» ብሎ ስልኩን አስቀመጠው።

አባ ይመር ስልክ መዝጋት አያውቅም። አልዘጋውም። ዋንጫ ሲቀዳ ይሰማኛል፤ ሲስሉ ማን እንደሳለ በስሙ አውቀዋለሁ። አንዱ ስለ ስንዴ ዋጋ ያማርራል፣ ሌላው ሳይሰማው እሺ ይለዋል። ቀጥሎ አባ ተሰማ፣ አሁን ቃሉ ሁሉ በአየር የሚያልፍበት፣ «ካሳዬ በር ላይ ቆሟል። በገና ቀን ሰው ይቆማል እንዴ? የንጋቱ ቦታ ባዶ ነው» አለ።

«ንጋቱ አልሞተም» አለ አባ ይመር።

«አልመጣምም።»

ዋንጫ መቅዳታቸውን አቆሙ። የሻረግ «ምን አሉ አባዬ?» ስትለኝ በእጄ ዝም በይ አልኋት። ድምፅ ባሰማ ስልኩ ክፍት መሆኑን አውቀው ይዘጉብኛል።

«ይቀመጥ» አለ አባ ይመር በመጨረሻ። «ንጋቱ ሲመጣ ይነሣል።»

«ሲመጣ እነሣለሁ» አለ ካሳዬ። እውነቱን እንደሆነ ከድምፁ አወቅሁ።

ካሳዬ የተቀመጠበት አግዳሚ ሲንቋቋ ሰማሁ። እኔም እዚህ ዓንገረቤ ላይ፣ ሳላስበው፣ ጠጋ አልሁለት።