ፅዮናዊት የቆለፈችው ኪት

ፅዮናዊት የባቡር ሠራተኛው የአቶ ተክለወልድ የመጨረሻ ልጅ ናት። አባቷ ሐዲዱን ተከትለው ከድሬዳዋ መጡና ጅቡቲ ቀሩ፤ እናቷ ወይዘሮ ወለተማርያም ካርቲየ ሁለት በሚሉት ሰፈር አምስት ልጆች አሳደጉ። ያን ጊዜ ባቡሩ ገና ይጮህ ነበር። ከአምስቱ ልጆች ትምህርት የቀናት እሷ ናት። የተበላሸ ሬዲዮ ፈትታ ስትገጥም አባቷ «የዚች ልጅ እጅ ዓይን አለው» ይሉ ነበር፤ ነፍሳቸውን ይማር።

አዲስ አበባ ኮምፒውተር ተምራ ተመለሰችና ፕላቶ ዱ ሰርፓን ከሚሉት ሰፈር አጠገብ ካለ አንድ ትንሽ ድርጅት ተቀጠረች። ድርጅቱ ወደብ ላይ ለሚቆሙ የማቀዝቀዣ ኮንቴይነሮች መቆጣጠሪያ ሳጥን ይሠራል። ሳጥኗ ከመዳፍ አትበልጥም፤ ውስጧ ግን ኮምፒውተር አለ። ሙቀቱን ትለካለች፣ ብርዱ ሲለቅ የጠባቂው ስልክ ላይ ትደውላለች። የምትሠራውም ሊኑክስ በሚሉት ሥርዓት ነው፤ ትልቁ ሳይሆን፣ ለትንሽ ዕቃ እንዲበቃ ተመልምሎ ተመልምሎ የቀረው።

የፅዮናዊት ሥራ፣ ለሳጥኗ ፕሮግራም የሚጽፉት ሰዎች የሚገለገሉበትን ኪት ማሰናዳት ነበር። ኪቱን የአናጢ ዕቃ መያዣ በሉት፤ መዶሻውም መጋዙም፣ ተጠርቦ ያለቀው እንጨትም እዚያ ነው። ተጠርቦ ያለቀውን ነው እነሱ ፓኬጅ የሚሉት፤ ሌላ ሰው የሠራው፣ አንስተው የሚገጥሙት።

ይህን ኪት ቆለፈችው። ከእሷ በቀር ማንም አዲስ ፓኬጅ አይጨምርበትም። ክፋት ኖሮባት አይደለም። በ2011 አንዱ የማይረባውን ሁሉ አግበስብሶ ከትቶ ሳጥኖቹ ከአፍ እስከ ገደፋቸው ሞልተው ነበር፤ ያንን ለማጽዳት ያየችው አሳር ከልቧ አልወጣም። ከዚያ ወዲህ የፈለገ በወረቀት ይጠይቃል፣ እሷ ትመረምራለች፣ ካመነችበት ራሷ ትጨምራለች። መጀመሪያ ጠያቂው ሁለት ሰው ነበር። ሥራው ሲሰፋ ስምንት ሆኑ፤ እሷ ግን ያችው አንዷ። ወረቀቱ ጠረጴዛዋ ላይ ተከመረ።

ከስምንቱ አንዱ ዓብዱሰመድ ነው፤ የሦስት ልጆች አባት፣ የጅቡቲ ሶማሌ፣ አማርኛውን ድሬዳዋ አክስቱ ቤት የተማረ። በ2015 አዲስ የመጣ የሙቀት መለኪያ የሚያነብ አንድ ፓኬጅ ጠየቃት። ሳምንት ጠበቀ፤ ወር ጠበቀ።

«እህቴ፣ ወረቀቴ እኮ ጢም ሊያበቅል ነው» ይላታል ሲያልፍ።

«ተራህን ጠብቅ ዓብዱ፤ ኪቱ የአክስትህ ጓዳ አይደለም።»

ይሳሳቃሉ። እያደር ሳቁ ቀነሰ።

በመጨረሻ ዓብዱሰመድ ትዕግሥቱ አለቀ። ፓኬጁን ከኢንተርኔት አወረደና በገዛ ኮምፒውተሩ ባለው ኪት ውስጥ በእጁ ከተተው። ጠረጴዛው ላይ ባለችው መሞከሪያ ሳጥን ውስጥም እንዲሁ በእጁ ገለበጠው። ፕሮግራሙ ሠራ፤ አማረ። ነገር ግን ወደብ ያሉት ሳጥኖች የሚሞሉት ከፅዮናዊት ኪት እንጂ ከእሱ ጠረጴዛ አይደለም። በእጅ የገባውን ኪቱ አያውቀውም። እናም አዲሱ ፕሮግራም ለሳጥኖቹ ሁሉ ሲላክ፣ እሱ ደረሰ፤ የሚደገፍበት ፓኬጅ ግን እጠረጴዛው ላይ ቀረ። ሳጥኖቹ ዲዳ ሆኑ።

ሐምሌ ነበር፤ ነፋሱ እሳት የሚተፋበት። ከኮንቴይነሮቹ አንዱ ማቀዝቀዣው ቆመና ለማንም ሳይደወል ሁለት ቀን ዋለ። የጫነው ለስኳር ሕመምተኞች ወደ አገር ቤት የሚላክ መድኃኒት ነበር። ፅዮናዊት ወደብ ወርዳ ካርቶኑ ለመቃጠል ሲጫን አየች። አንዱን ከፍታ ጠርሙሱን ያዘችው፤ እንደ ሻይ ይሞቃል።

የድርጅቱ ኃላፊ ጋሽ ጀንበሬ ነገሩን አላራዘሙትም። ዓብዱሰመድ ደንብ ጥሷል፤ ሐሙስ ይሰናበታል አሉ። ለፅዮናዊት የምትፈርምበት ወረቀት ሰጧት፤ ፓኬጁ ያለ እሷ ፈቃድ መግባቱን የሚመሰክር። ሐሰት የለበትም። እሷ ከፈረመች ግን የሰውየው እንጀራ አለቀ፤ ሌላ እንዲህ ያለ ሥራ በከተማው የለም።

ወረቀቱን ይዛ እናቷ ዘንድ ሄደች። ወይዘሮ ወለተማርያም የእድሩን ዕቃ ጠባቂ ናቸው፤ ድስት እየቆጠሩ አገኘቻቸው። የሆነውን ነገረቻቸው። ስለ ኮምፒውተሩ ምንም አልገባቸውም፤ ስለ መቆለፉ ግን ገባቸው።

«እኔም አንድ ሰሞን አዲስ ዕቃ አልቀበልም ብዬ ነበር፤ ጠበበኝ ብዬ» አሏት። «ሰው ተወ? በለቅሶ ቀን ከየጓዳው ድስት ተሸክሞ መጣ። የጎረቤታችን የሻሼ እናት ሲሞቱ አንዱ ድስት ቂጡ ቀዳዳ ኖሮ ወጡ አመድ ላይ ፈሰሰ። ለቀስተኛው ደረቅ እንጀራ በላ። ያን ለት ማን ተሰደበ መሰለሽ? እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ምን አደረግሽ እማዬ?»

«አምጡ አልኩ። ግን ያመጣው ሰው ውኃ ሞልቶ ፊቴ ያሳየኛል። ክዳን ያለው ከነክዳኑ።» ቆጠራቸው ጠፍቶባቸው ኖሮ እንደገና ከአንድ ጀመሩ።

በማግስቱ ፅዮናዊት የስምንቱን ሰዎች ኮምፒውተር አንድ በአንድ መረመረች። እስከዚያ ቀን አይታው አታውቅም። ሐሙስ ጋሽ ጀንበሬ ቢሮ ስትገባ ያልተፈረመውን ወረቀት ከክምሩ ጋር ጠረጴዛቸው ላይ አኖረችው።

«ሠላሳ አንድ ጥያቄ ነው ጋሼ። የእሱ ይሄ ነው፤ ቀኑን ይዩት።»

«ታዲያ መጣስ ነበረበት?»

«አልነበረበትም። ግን ከስምንቱ አምስቱ በእጃቸው የከተቱት አለ። ዛሬ እሱን ቢያሰናብቱ፣ ነገ የሚፈነዳው የሌላው ነው። መንገድ ያሳጣኋቸው እኔ ነኝ።»

ጋሽ ጀንበሬ መነጽራቸውን አወለቁ። «ይህን በጽሑፍ ካስቀመጥሽ በኪቱ ኃላፊነት ላይ አትቆዪም። ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

ጻፈችው። ዓብዱሰመድ በማስጠንቀቂያ ቀረ። እሷ ከኃላፊነቷ ወርዳ፣ ኪቱን ለሁሉም እንድትከፍት ታዘዘች።

አራት ወር ፈጀባት። አሁን ፓኬጅ የሚፈልግ ሰው ራሱ ይጨምራል፤ ግን ከየት እንዳመጣውና ምን ላይ እንደሚደገፍ ሳይናገር ኪቱ አይቀበለውም። ከተቀበለው ደግሞ በጠረጴዛው ላይ ብቻ አይቀርም፤ ወደብ እስካለችው ሳጥን ይደርሳል። ስፋቱ ከልክ ካለፈም ይመልሰዋል።

መጀመሪያ የሞከረው ዓብዱሰመድ ነው፤ ያንኑ የመለኪያውን ፓኬጅ። ስለዚያ ሐሙስ እስከዚያ ቀን አንድም ቃል አልተነጋገሩም ነበር። ኪቱ የሚያስሞላው መጠይቅ የጨማሪውን ስም ሲጠይቀው እጁ ቆመ።

«እህቴ፣ ቢበላሽስ?»

«ኪቱ ያንተን ስም ያወጣል። ከዚያ ትጠራኛለህ።»

ስሙን ከነአያቱ ጻፈና የማስገቢያውን ቁልፍ ተጫነ። ኪቱ ሠርቶ እስኪጨርስ አርባ ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ወንበር ሳበላት። የተቃጠለውን መድኃኒት ሁለቱም እያሰቡ፣ ፊደሉ ስክሪኑ ላይ ሲወርድ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጠበቁ።